ዮጋ፣ ታይ ቺ ወይስ ማይንድፉልነስ? ከ60 ዓመት በኋላ ለእርስዎ የሚስማማውን ለመምረጥ

«ዮጋ ልጀምር ወይስ ሜዲቴሽን?» ይህን ጥያቄ 60ን ከተሻገሩ ሰዎች ደጋግሜ እሰማለሁ። ግራ ቢጋቡ አይፈረድባቸውም። ዮጋ በሚለው አንድ ቃል ሥር ወንበር ላይ ተቀምጦ ክንድ ማንሳትም አለ፣ በጭንቅላት መቆምም አለ። ሜዲቴሽንም እንዲሁ ነው። ለአንዱ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው፣ ለሌላው የስምንት ሳምንት ኮርስ ነው። ማይንድፉልነስ የሚባለው ከሜዲቴሽን ዓይነቶች አንዱ ነው፤ ታይ ቺ ደግሞ ከቻይና የመጣ ዝግ ያለ የሰውነት እንቅስቃሴ ነው። ሁሉም ደግሞ «ለጤና፣ ለረጅም ዕድሜ፣ ለአእምሮ ሰላም» እየተባለ ይተዋወቃል።

አክስቴ በ68 ዓመቷ ዮጋ ልሞክር ብላ ተመዘገበች። ጉልበቷን ያማታል። የገባችበት ክፍል ግን ለጤነኛ ወጣት የሚሆን ፈጣን ክፍል ነበር። ሁለት ቀን ሄዳ ቀረች። «ዮጋ ለእኔ አይሆንም» ብላም ደመደመች። ያልሆናት ያ ክፍል ብቻ ነበር። ከዓመት በኋላ ወንበር ላይ የሚሠራውን ጀመረች፤ እስከ ዛሬ አልተወችውም። ያቺ የባከነች አንድ ዓመት አሁንም ትቆጨኛለች። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም የሌላ ሰው ጊዜ እንዳይባክን ነው።

## መጀመሪያ ራስዎን ይመዝኑ

አማራጮቹን ከማየትዎ በፊት አንድ ነገር ይለዩ። ያስቸገረዎት እግር ነው ወይስ ሐሳብ? ደረጃ ሲወርዱ ይፈራሉ? ወገብዎ ጠዋት ጠዋት አልታዘዝ ይላል? ወይስ ሰውነትዎ ደህና ሆኖ ሌሊት ሐሳብ እየተመላለሰ እንቅልፍ ይነሳዎታል? መልሱ የምርጫውን ግማሽ ይጨርስልዎታል። ብዙ ሰው ሲሳሳት የማየውም እዚህ ላይ ነው። መውደቅ የሚፈራው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ መተንፈስ ይለማመዳል። ጭንቀት እንቅልፍ የነሳው ደግሞ እግሩን ሲያሳስብ ይከርማል። ሁለቱም አይጎዱም፣ ግን የመጡበትን አያገኙም።

ቀጥሎ ወለሉን ያስቡ። ያለ ሰው እርዳታ ወለል ላይ ወርደው መነሳት ይችላሉ? አብዛኛው የዮጋ ክፍል ምንጣፍ ላይ የሚሠራ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ብዙ ጊዜ ቁጭ ብድግ ያሰኛል። መነሳት የሚከብድዎ ከሆነ የምንጣፍ ክፍሎችን ለጊዜው ይተዉዋቸው።

ሦስተኛው ሚዛን ነው። ግድግዳ ወይም ጠንካራ ጠረጴዛ አጠገብ ይቁሙ፤ ሰው አብሮዎት ይሁን። አንድ እግርዎን አንስተው 10 ሰከንድ ለመቆየት ይሞክሩ። ፈተናው ቀላል ቢመስልም አይናቅም። ብራዚል ውስጥ ዕድሜያቸው ከ51 እስከ 75 የሆነ 1,702 ሰዎች በዚህ መንገድ ተፈትነው ነበር። ውጤቱ በ2022 ታትሟል። ከአምስቱ አንዱ ያህል 10 ሰከንድ መቆም አልቻለም። በቀጣዮቹ ሰባት ዓመታት ገደማ ያልቻሉት ሰዎች የመሞት ዕድል ከቻሉት ከፍ ያለ ነበር። በአንድ እግር መቆም ያቃተው ሰው በዚያ ምክንያት ይሞታል ማለት አይደለም። የጡንቻ መድከምና ሌሎች ሕመሞች አስቀድመው የሚታዩበት ምልክት ሊሆን ስለሚችል ግን ልብ ሊባል ይገባዋል።

አራተኛው ያለብዎት ሕመም ነው። ይህን አይዝለሉት።

- የአጥንት መሳሳት ካለብዎ፣ ጀርባን አጉብጦ ወደ ፊት መታጠፍና ወገብን አጥብቆ መጠምዘዝ የጀርባ አጥንትን ሊሰብር ይችላል።
- ግላኮማ (የዓይንን ነርቭ የሚጎዳ ሕመም) ካለብዎ፣ ጭንቅላት ወደ ታች የሚዘቀዘቅባቸው አቋቋሞች የዓይንን ግፊት ይጨምራሉ። በጭንቅላት መቆም ብቻ አይደለም፤ መዳፍና እግር መሬት ላይ ተተክሎ ዳሌ ወደ ላይ የሚነሳበት የተለመደ አቋቋምም ያው ነው።
- ያልተስተካከለ የደም ግፊት ካለብዎ ወይም ድንገት ሲነሱ የሚያዞርዎ ከሆነ፣ ትንፋሽ አፍኖ መያዝና በፍጥነት ብድግ ማለት ይቅርብዎ።
- ዳሌዎ ወይም ጉልበትዎ በቀዶ ሕክምና ተቀይሮ ከሆነ፣ የትኛው እንቅስቃሴ እንደተከለከለ ሐኪምዎን ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎን ይጠይቁ።

የመጨረሻው መመዘኛ ገንዘብና ጽናት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ያስቀመጥኩት በምክንያት ነው። በጣም ጥሩ የተባለ ክፍል ተከፍሎበት ከወር በኋላ ከተተወ፣ ቤት ውስጥ በነፃ የሚሠራው 15 ደቂቃ ይበልጠዋል።

## የወንበር ዮጋ

ተቀምጦ፣ አንዳንዴም የወንበሩን መደገፊያ ይዞ ቆሞ የሚሠራ ነው። ትከሻ፣ አንገት፣ ወገብ፣ ዳሌና ቁርጭምጭሚት በየተራ ይንቀሳቀሳሉ። ትንፋሽ አብሮ ይሄዳል።

ብዙ ሰው «የሽማግሌ ነገር» እያለ ይንቀዋል። እኔ ግን ለብዙዎች ትክክለኛው መጀመሪያ ይህ ነው ባይ ነኝ። አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ የመገጣጠሚያ መሸርሸር ያለባቸው 131 አረጋውያን ተሳትፈውበት በ2017 የታተመ ጥናት አለ። ቆሞ የሚሠራ ስፖርት የማይችሉ ሰዎች ነበሩ። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ 45 ደቂቃ፣ ለስምንት ሳምንት ተለማመዱ። ሕመሙ የዕለት ኑሯቸውን የሚያደናቅፍበት መጠን ቀነሰ።

ድክመቱ አንድ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተቀምጠው የሚሠሩት ከሆነ ሚዛንዎ ብዙም አይሠለጥንም። ስለዚህ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ወንበር ይዞ መቆም ያለበትን ክፍል ይፈልጉ። ወንበሩ ጎማ የሌለው፣ የማይታጠፍና እግርዎ መሬት ሙሉ በሙሉ የሚነካበት ይሁን። ግድግዳ ያስደግፉት።

## ረጋ ያለ የምንጣፍ ዮጋ

ሃታ በሚል ስም የሚሰጡት ክፍሎች ብዙዎቹ እዚህ ይመደባሉ። የአየንጋር ዮጋም እንዲሁ። ቢ. ኬ. ኤስ. አየንጋር ከ1918 እስከ 2014 የኖሩ ሕንዳዊ አስተማሪ ነበሩ። የሚታወቁበት አንዱ ነገር ብሎክ (ጡብ መሰል መደገፊያ)፣ ቀበቶ፣ ብርድ ልብስና ወንበር ለድጋፍ መጠቀማቸው ነው። እጅዎ መሬት ካልደረሰ መሬቱ በብሎክ ወደ እርስዎ ይመጣል። ዕድሜው ለገፋ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጠንካራ ጎኑ ወገብ ላይ ነው። ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ባለባቸው 320 ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2017 የታተመ ጥናት፣ ዮጋ ከፊዚዮቴራፒ የማያንስ ውጤት እንደሰጠ አሳይቷል። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ ባወጣው መመሪያ፣ ለቆየ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ከሚሞከሩት መካከል ዮጋ፣ ታይ ቺና በማይንድፉልነስ ጭንቀት መቀነሻ ሦስቱም ተጠቅሰዋል። የጥናቱ ተሳታፊዎች አረጋውያን ብቻ እንዳልነበሩ ግን አብረው ይያዙ።

እግር የሚያጠነክሩት ቆመው የሚሠሯቸው አቋቋሞች ናቸው። ክፍሉ ሙሉውን ሰዓት መተኛትና መዘርጋት ከሆነ ደስ ይላል፣ ይፈታታል፤ ጭንዎ ግን አይበረታም።

## ፈጣን ዮጋና የሞቀ ክፍል

እዚህ ላይ አልቆይም። ቪንያሳና የመሳሰሉት ክፍሎች አቋቋሙን በፍጥነት ይቀያይራሉ። ለዓመታት ሲሠራ የቆየ ጤነኛ ሰው 70ም ሆኖት ሊቀጥል ይችላል። ከ60 በኋላ ለሚጀምር ሰው ግን የመጀመሪያ ምርጫ አይሁን። በሰው ሠራሽ ሙቀት በሞቀ ክፍል የሚሠራውን ደግሞ የልብ ወይም የግፊት ችግር ያለበት ሰው፣ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስድም ጭምር፣ ያለ ሐኪም ፈቃድ አይሞክረው።

## ታይ ቺ

ታይ ቺ ዮጋ አይደለም። ከቻይና የመጣ የማርሻል አርት ዘር ነው። ዛሬ ብዙ ሰው የሚሠራው ግን በዝግታ ነው፤ ውሃ ውስጥ የሚራመዱ ይመስላሉ። እዚህ ያመጣሁት ከዮጋ ጎን ሆኖ ስለሚሸጥና ለአንድ ችግር ከሁሉም ስለሚበልጥ ነው። ያ ችግር መውደቅ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በመውደቅ ምክንያት በዓለም ላይ በየዓመቱ 684,000 ሰዎች እንደሚሞቱ ይገምታል። ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ከሁሉም በላይ ይጎዳሉ። ከሞት የተረፈው ሰው ደግሞ ዳሌው ተሰብሮ፣ ፍርሃት ገብቶበት ከቤት የማይወጣ ሊሆን ይችላል።

ታይ ቺ ለምን ይረዳል? እንቅስቃሴውን ልብ ብለው ይዩት። ክብደት ከአንዱ እግር ወደ ሌላው በቀስታ ይሸጋገራል። ጉልበት በትንሹ ታጥፎ ይቆያል። አካል ይዞራል፣ ዓይን እጅን ይከተላል። እንቅፋት ሲመታን ሰውነታችን በቅጽበት የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ታይ ቺ ያንን ቅጽበት በዝግታ ያለማምዳል።

አሜሪካ ኦሪገን ውስጥ ተሠርቶ በ2018 በታተመ ጥናት 670 ሰዎች ተካፍለዋል። ሁሉም 70 የሞላቸው፣ የወደቁ ወይም ለመውደቅ የተጋለጡ ነበሩ። ለአረጋውያን ተስተካክሎ የተዘጋጀውን ታይ ቺ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለስድስት ወር የሠሩት፣ ሰውነት ከማፍታታት ውጪ ካልሠሩት በ58 በመቶ ያነሰ ወደቁ። የተለያየ ስፖርት ቀላቅለው ከሠሩት ጋር ሲነጻጸሩ ደግሞ በ31 በመቶ ያነሰ ነበር። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ድርጅት በ2019 ያወጣው፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየው ግምገማ ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ ለታይ ቺ 19 በመቶ ገደማ ይሰጣል። ከሁለቱ የቱንም ቢወስዱ፣ ዮጋ ለመውደቅ የዚህን ያህል ማስረጃ የለውም። ማፍታታት ብቻውን ከመውደቅ እንደማያድንም ከኦሪገኑ ጥናት ይማሩ።

ችግሩ ቅደም ተከተሉን መያዝ ነው። በ1956 ቻይና ውስጥ ቀለል ተደርጎ የተዘጋጀው ዝነኛ ቅንብር እንኳ 24 እንቅስቃሴዎች አሉት። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያደናግራሉ፣ ያሰለቻሉም። ከቪዲዮ ብቻ መማር ይከብዳል፤ ጉልበትዎ ወደ ውስጥ መጣመሙን የሚያይልዎ ሰው ያስፈልጋል። ጥሩው ነገር ወለል ላይ መውረድ የለም፤ የስፖርት ልብስም ግድ አይደለም።

## ማይንድፉልነስ

ልብን አሁን ባሉበት ቅጽበት ላይ ማሳረፍ ማለት ነው። ትንፋሽዎን ያዳምጣሉ። ሐሳብ ይሄዳል። መሄዱን ያስተውሉና ሳይቆጡ መልሰው ያመጡታል። እንደገና ይሄዳል፤ እንደገና ያመጡታል። ልምምዱ ይህ መመለስ ነው። «ሐሳቤ አልቆም አለ፣ አልቻልኩበትም» የሚሉ ሰዎች ሳያውቁት እየሠሩት ነው።

በሕክምናው ዓለም በብዛት የተጠናው ጆን ካባት ዚን በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት የስምንት ሳምንት ኮርስ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ መሃል ላይ አንድ ሙሉ ቀን፣ ቤት ውስጥ ደግሞ በየቀኑ 45 ደቂቃ ያህል ይጠይቃል። ቀላል ጊዜ አይደለም። ረጋ ያለ ዮጋም በውስጡ አለበት፤ ሁለቱንም ለሚፈልግ ሰው ይህ አንድ መፍትሔ ነው።

ምን ይሠራል? በ2014 የታተመ ግምገማ 47 ሙከራዎችንና 3,515 ተሳታፊዎችን አይቶ፣ ለጭንቀት፣ ለድባቴና ለሕመም መጠነኛ ጥቅም አግኝቷል። ከስፖርት ወይም ከመድኃኒት ይበልጣል የሚል ማስረጃ ግን አላገኘም። ለእንቅልፍ በ2015 የወጣ አንድ ትንሽ ጥናት አለ። እንቅልፍ ያስቸገራቸው 49 ትልልቅ ሰዎች ነበሩ፤ ማይንድፉልነስ የተማሩት ስለ እንቅልፍ ልማድ ብቻ ከተማሩት የተሻለ ተኙ።

ለማስታወስስ? እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ለዚህ ነው። በ2022 የታተመ ትልቅ ጥናት፣ መርሳት አስቸገረን ያሉ ከ65 እስከ 84 ዓመት የሆናቸው 585 ሰዎችን ለ18 ወራት ተከታተለ። ማይንድፉልነስም፣ ስፖርትም፣ ሁለቱ አንድ ላይም የማስታወስ ችሎታን ከጤና ትምህርት የበለጠ አላሻሻሉም። ስለዚህ «መርሳትን ያቆማል» ብሎ የሚሸጥልዎ ካለ ገንዘብዎን ይያዙ። ቀኑ ቀለል እንዲልዎና ሌሊቱ እንዲያጥርዎ ከሆነ ግን ይሞክሩት።

አንድ ጥንቃቄም አለ። በ2020 በወጣ ግምገማ ሜዲቴሽን ከሚሠሩ 100 ሰዎች ወደ 8 የሚጠጉት እንደ ጭንቀትና ድባቴ ያለ ያልተፈለገ ስሜት ገጥሟቸዋል። ከባድ ሐዘን ላይ ያለ ወይም ያለፈ አስደንጋጭ ነገር የሚመላለስበት ሰው ዓይኑን ገልጦ፣ በአጭር ደቂቃ፣ ከሠለጠነ ሰው ጋር ይጀምር።

ተኝቶ በድምፅ እየተመሩ የሚሠሩት ዮጋ ኒድራ (ጥልቅ የማሳረፊያ ልምምድ) እና የሰውነት ቅኝት (ልብን ከአንዱ የሰውነት ክፍል ወደ ሌላው በየተራ ማሳረፍ) የዚህ ዘመዶች ናቸው። አልጋ ላይ የዋለ ሰው እንኳ ይችላቸዋል። ለእንቅልፍ መግቢያ ደስ ይላሉ፤ እንደ ስፖርት አይቆጠሩም።

## ሁሉም በአንድ ላይ

| አማራጭ | ለሚዛንና ለእግር | ለወገብና ለመገጣጠሚያ ሕመም | ለጭንቀትና ለእንቅልፍ | ወለል ላይ መውረድ | ያለ አስተማሪ መጀመር | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| የወንበር ዮጋ | ትንሽ፤ መቆም ካለበት ይሻላል | ጥሩ | መካከለኛ | የለም | ይቻላል | ከነፃ እስከ ዝቅተኛ |
| ረጋ ያለ የምንጣፍ ዮጋ | መካከለኛ | በተለይ ለወገብ ጥሩ | መካከለኛ | አለ | ይከብዳል | መካከለኛ |
| ፈጣን ወይም የሞቀ ዮጋ | ለለመደ ብቻ | ሊያባብስ ይችላል | መካከለኛ | ብዙ | አይመከርም | ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ |
| ታይ ቺ | በጣም ጥሩ | ጥሩ | መካከለኛ | የለም | ይከብዳል | ከዝቅተኛ እስከ መካከለኛ |
| ማይንድፉልነስ | የለውም | መጠነኛ | ጥሩ | የለም፤ በኮርሱ ውስጥ ያለው ዮጋ ሊጠይቅ ይችላል | በአጭሩ ይቻላል | ነፃ፤ ሙሉው ኮርስ ከፍተኛ |
| ዮጋ ኒድራ፣ የሰውነት ቅኝት | የለውም | ትንሽ | ጥሩ | አልጋ ላይም ይሆናል | ይቻላል | ነፃ |

## እንግዲህ ለማን የቱ?

ባለፈው ዓመት ከወደቁ ወይም 10 ሰከንድ በአንድ እግር መቆም ካቃተዎ ታይ ቺን ያስቀድሙ። በአካባቢዎ ከሌለ፣ መቆም ያለበትን የወንበር ዮጋ ይያዙ። ከዚያ በፊት ግን ሐኪም ያማክሩ፤ የሚጥልዎ የዓይን መድከም ወይም የሚወስዱት መድኃኒት ሊሆን ይችላል።

ጉልበትና ዳሌ የሚያምዎ ከሆነ የወንበር ዮጋ። ወገብ ከሆነና ወለል የማይከብድዎ ከሆነ ረጋ ያለ የምንጣፍ ዮጋ፣ ብሎክና ቀበቶ ከሚያስጠቅም አስተማሪ ጋር።

ሰውነትዎ ደህና ሆኖ ሐሳብ ካስቸገረዎ ማይንድፉልነስ። ሙሉውን ኮርስ ከመግዛትዎ በፊት ለሁለት ሳምንት በቀን አሥር ደቂቃ ብቻ ይሞክሩት። ካልተስማማዎ ምንም አልከሰሩም።

ሰው የናፈቀዎ ከሆነ የክፍሉ ዓይነት ሁለተኛ ነው፤ በቡድን የሚሠራውን ይምረጡ። ብቻውን የሚኖር ሰው ከልምምዱ በኋላ የሚያወራት ሩብ ሰዓት የልምምዱን ያህል ስትጠቅመው አይቻለሁ።

ገንዘብ ካጠረ ምክሬ ይህ ነው፦ ለሰውነት ልምምዱ ይክፈሉ፣ በማይንድፉልነሱ ይቆጥቡ። ትንፋሽ ማዳመጥን በነፃ የድምፅ ቅጂ መማር ይቻላል። የተሳሳተ አቋቋም ግን ከቪዲዮ አይታረምም። ከአስተማሪ ጋር አራት ጊዜ ብቻ ሠርተው የተማሩትን ቤት ውስጥ መቀጠል፣ ሁልጊዜ ብቻዎን ከመሥራት ይሻላል። ውድ ምንጣፍ አይግዙ። ጠንካራ ወንበር፣ ብርድ ልብስና ሁለት ወፍራም መጽሐፍ ለመጀመሪያው ወር ይበቃሉ። ገንዘብ የማያሳስብዎና ብዙ ሕመም ያለብዎ ከሆነ ግን ወደ ቡድን ከመግባትዎ በፊት ሁለት ሦስት ቀን ለብቻዎ የሚያሠራዎ ሰው ይያዙ።

የትኛውንም ቢመርጡ እግር ጉዞውን አይተዉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ያወጣው መመሪያ 65 ለሞላቸው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ሁለት ቀን ጡንቻ ማጠንከሪያ፣ ሦስት ቀን ደግሞ ሚዛንና ጥንካሬ ላይ ያተኮረ ልምምድ ይላል። ታይ ቺ ለሚዛኑ ይቆጠርልዎታል። ተቀምጦ መተንፈስ ለየትኛውም አይቆጠርም።

## አስተማሪ ሲመርጡ

በዮጋው ዓለም የተለመደው መነሻ ሥልጠና 200 ሰዓት ነው። የምስክር ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለ ያረጀ ጉልበት ያውቃል ማለት አይደለም። ከመክፈልዎ በፊት ቁጭ ብለው አንድ ክፍል ይመልከቱ። እዚያ ያሉት ሰዎች በዕድሜ ይመስሉዎታል? አስተማሪው እየዞረ ያያል ወይስ ፊት ለፊት ሆኖ ራሱ ብቻ ይሠራል? ከዚያ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «ጉልበቴ ባይታጠፍ ይህን እንዴት ያሠሩኛል?» ወዲያው ሁለት ሦስት መንገድ የሚያሳይዎ ከሆነ ጥሩ ነው። «ቀስ በቀስ ይለምዱታል» ብቻ ካለ ሌላ ይፈልጉ።

ስለ ሕመምዎ ሳይጠይቅ የሚያስጀምር ክፍል ውስጥ አይቆዩ። መድኃኒትዎን ይተዉ የሚል ሰው ካጋጠመዎም በዚያው ቀን ይውጡ። በልምምድ ጊዜ መሳሳብና መድከም ያለ ነው። የሚወጋ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ ማዞር ወይም የደረት መጨናነቅ ከመጣ ግን ወዲያው ያቁሙ።

ከመጀመርዎ በፊት ሦስት ቁጥሮች ወረቀት ላይ ይጻፉ። በአንድ እግር ስንት ሰከንድ ቆሙ? እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው በ30 ሰከንድ ውስጥ ከወንበር ስንት ጊዜ ተነሡ? በሳምንቱ ውስጥ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጡ? ከስምንት ሳምንት በኋላ ሦስቱንም ይድገሙ። የመጡበት ቁጥር ከተሻሻለ ባሉበት ይቀጥሉ፤ ንቅንቅ ካላለ ከሰንጠረዡ ሌላ መስመር ይምረጡ።